የባሕር ሽፍታው ድንጋይ

መጽሐፉን ያገኘሁት ዳባት ውስጥ ቆሎ ተጠቅልሎበት ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ከአንድ ሱቅ የሽንብራ ቆሎ ገዛሁ፤ እየቆረጠምኩ ስሄድ ቆሎው አለቀና ወረቀቱን ልጥለው ስል እንግሊዝኛ ሆኖ አገኘሁትና አነበብኩት። አንድ ያረጀ ካፒቴን መርከብ ላይ ቆሞ ሩቅ ያለች ደሴት ያያል። ጉልበቱን ያመዋል። ከገንቦ ውሃ ቀድቶ ይጎነጫል፤ ውሃው ጨው ይሆንበታል፤ ይተፋዋል። «ገና ነኝ» ይላል ለራሱ። እዚያ ላይ ቅጠሉ አለቀ።

እኔ የጀመርኩትን ነገር ካልጨረስኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ተመልሼ ሄድኩ።

«ይሄ ወረቀት ከምንድን ነው የተቀደደው?»

«ከመጽሐፍ ነዋ! ከምን ይቀደዳል?» አለ ባለሱቁ።

ከባንኮኒው ሥር አወጣው። ወፍራም ነው። ለመጠቅለያ ብሎ ከገዛው የወረቀት ክምር መሃል የተገኘ ነው። የፊት ሽፋኑ ደረቅ ስለሆነበት ከኋላ እየገነጠለ ይጠቀልልበታል።

«የቀረውን ውሰጂው» አለኝ። «መጨረሻውን ግን አትፈልጊው። የዳባት ሴት ሁሉ በርበሬ ይዛበት ሄዳለች።»

እንዲህ ሆኖ ታሪኩን ከመጨረሻው ቅጠል ጀመርኩት። ከዚያ ወዲያ ያለውን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ልብ ወለድ ነው። ዘመኑ የድሮ ነው፤ መርከብ በሸራ የሚሄድበት። ካፒቴኑ በጉልበቱ ዘመን ባሕር ላይ እየጠበቀ መርከብ ይዘርፍ ነበር። ሲያረጅ ይተወዋል፤ ተራራ ላይ ወጥቶ ሽንኩርት ይተክላል። ባሕሩ ግን አልተወውም። የትም ይስፈር የት፣ የሚጠጣው ውሃ አፉ ውስጥ ጨው ይሆናል። የምንጭ ውሃ ይሁን፣ የዝናብ ይሁን፣ ያው ነው። ሌላ ሰው ከዚያው ገንቦ ሲጠጣ ደህና ነው። አንዲት አዋቂ ሴት ምክንያቱን ትነግረዋለች፦ አንዲት ደሴት ላይ በግፍ የገደልከው ሰው አለ፤ ከዚያ ሰው ቤት ውሃ ካልጠጣህ ውሃ አይጣፍጥህም። ካፒቴኑ አሮጌ መርከቡን አስጠግኖ ይነሣል። በመንገዱ ያላየው ጉድ የለም፤ ንፋስ በአቁማዳ አስሮ የሚሸጥ ነጋዴ አለ፣ ባሕር ውስጥ ሰምጦ ደወሉ የሚሰማ ከተማ አለ። ይህን ሁሉ ያልፍና ደሴቷ ስትታየው፣ ያቺ ቆሎ የተጠቀለለባት ቅጠል ትመጣለች።

ማትሪክ ወደቅሁ። ማለባበስ አልወድም፤ ወደቅሁ። ደባርቅ እናቴ ቤት ተመለስኩ። እናቴ በረንዳ ላይ በስፌት መኪና ልብስ ትሰፋለች። እኔ አዝራር ለመትከል እንኳ ትዕግሥት የለኝም። ስለዚህ የቀበሌው ሱቅ ሰልፍ የእኔ ድርሻ ሆነ። ስኳር መጣ፣ ሳሙና መጣ በተባለ ቁጥር ዘንቢሌን አንጠልጥዬ፣ መጽሐፉን ብብቴ ሥር ሸጉጬ እወጣለሁ።

የሱቁ ዘበኛ እኛው ግቢ፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። አባባ እላቸዋለሁ። በንጉሡ ጊዜ ሽፍታ እንደነበሩና በምሕረት እንደገቡ የማያውቅ የለም። ስንት ዓመት በሰሜን ተራራ ገደል ለገደል የኖሩ ሰው አሁን የስኳር ጆንያ ይጠብቃሉ። ሴቶቹ ይህን እያነሡ ይስቁባቸዋል። እሳቸውም አይቆጡም፤ «ዘበኛ ያደረጉኝ ሥራውን በሌላው በኩል ስለማውቀው ነው» ይላሉ።

አንድ ቀን ሰልፉ አልንቀሳቀስ ሲል እሳቸው የሚቀመጡበት ድንጋይ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

«አንቺ፣ ምን ይላል?»

«ልብ ወለድ ነው አባባ።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም። ምን ይላል ነው ያልኩት።»

«ስለ አንድ የባሕር ሽፍታ ነው። አርጅቶ ሽፍትነቱን ስለተወ።»

ጠብመንጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡና ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

«እስቲ ከመጀመሪያው በይ።»

እንዲህ ተጀመረ። በእንግሊዝኛ አነባለሁ፣ በአማርኛ እናገራለሁ። ያልገባኝን ቃል እዘለዋለሁ፤ መዝለሉ የሚያስቸግር ከሆነ የመሰለኝን እከትበታለሁ። መዝገበ ቃላት የለኝ፣ የሚያርመኝ የለ። በዚህ ክፉኛ ለመድኩ።

«ባሕሩ ከጣና ይበልጣል?»

«ጣና ለእሱ ኩሬ ነው።»

«ጣናን አይተሽዋል?»

«አላየሁም።»

«እኔ አይቼዋለሁ። ያላየሽውን አታሳንሺ።»

በሁለተኛው ሳምንት ሰልፈኛው ሁሉ አድማጭ ሆነ። የጨው ውሃው ላይ ስደርስ አንዲት ጎረቤታችን ከሰልፉ መሃል ጮኸች፦ «ጨው የሆነ ውሃ? ታዲያ ምን ያስለቅሰዋል! ወጡን በነጻ አይሠራም?»

«ኧረ ለቀበሌያችን ባቀረበልን» አለች ሌላዋ፤ «ጨውም እኮ እንደ ስኳሩ በሰልፍ ሊሆን ነው።»

ሳቁ በሳቅ ሆነ። አባባ አልሳቁም።

ከካፒቴኑ ጋር ግን ይጣላሉ። «ይሄ ሰውዬ ሞኝ ነው» አሉ አንድ ቀን። «ሰው እያሳደደው እሳት ያነዳል?»

«መርከብ ላይ ነው እኮ አባባ።»

«መርከብ ላይስ እሳት አይጨስም?»

ገለጥ ባደርግ፣ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ካፒቴኑ በጭሱ ምክንያት ተያዘ። ይህን ስነግራቸው መጽሐፉን አዩት። «የጻፈው ሰው ነገሩን ያውቀዋል» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ የመጽሐፉን ቃል እንደ ምስክር ቃል ያዙት።

የቀበሌው ሊቀመንበርም አንዴ ሰምቶን ቆመ። «ምንድን ነው የምትቀሰቅሽው?»

«ልብ ወለድ ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

«ፊውዳል አለበት?»

«አንድ አለ። ይሰምጣል።»

«መልካም» ብሎ ሄደ።

አንድ ቀን ዝናብ መጣና ሰልፉ ተበተነ። እኔና አባባ የሱቁ ጣራ ክፈፍ ሥር ቀረን። መጽሐፉ እንዳይርስ ቀሚሴ ውስጥ ደብቄዋለሁ።

«ያን ውሃ እኔም አውቀዋለሁ» አሉ፣ እኔን ሳያዩ።

«እንዴት አባባ?» አልኩ።

አገራቸው ጃናሞራ ነው። በጎልማሳነታቸው በእርሻ ድንበር ከአንድ ሰው ተጣሉ፤ ገደሉት፤ ሸፈቱ። የሟቹ ልጅ ያን ጊዜ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ነበር። «መንግሥት ማረኝ» አሉ። «መንግሥት ግን የሟች ወንድም አይደለም። ከዚያ ወዲህ ጃናሞራን አልረገጥኩም። እናቴ ስትቀበር አልነበርኩም።»

«ይቅርታ አልጠየቁም?»

«አንዴ ሽማግሌ ልኬ ነበር። የሟቹ እናት አሳፍራ መለሰቻቸው። እውነቷን ነው። እሷ ከሞተች ቆይቷል፤ እኔ ግን ዳግመኛ ሽማግሌ ፊት ቆሜ ሂዱልኝ ለማለት አፈርኩ።»

አንዲት ታላቅ እህት አላቸው። በገበያ ቀን ከጃናሞራ በሚመጡ ሰዎች ሰላምታ ትልካለች፤ አንዳንዴም ማር። ባለፈው ገበያ የላከችው ግን ቃል ብቻ ነበር። አንዱ ዓይኗ ጠፍቷል፤ ሁለተኛውም እየደከመ ነው። «ሳይጨልምብኝ ልይህ» ነው ያለችው።

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«እሱንማ እያየሁ ነው» አሉና በአገጫቸው ወደ ቀሚሴ፣ ወደ መጽሐፉ ጠቆም አደረጉ። «ያ ሰውዬ ደሴቷ ላይ ሲደርስ ምን ያደርጋል?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ተቀዷል፣ አላውቀውም፣ ማለት ነበረብኝ። «ገና ነን አባባ» አልኩ።

የመጨረሻዋ ቅጠል ላይ የደረስነው ስኳር የመጣ ቀን ነው። ሰልፉ እስከ መንገዱ ወጥቷል። ሴቶቹ ሊሰሙ ከበውኛል፤ ከፊሎቹ ተራቸውን ለቀዋል። ካፒቴኑ ውሃውን ተፋ፤ «ገና ነኝ» አለ። ቀና ስል ሃያ ሰው አፉን ከፍቶ ያየኛል።

«እሺ?» አሉ አባባ።

ላሳዝናቸው ስላልፈለግሁ ነው ብል እዋሻለሁ። ያን ሁሉ ሰው አስከትዬ መጥቼ «እዚህ ላይ አለቀ» ማለት አስጠልቶኝ ነው። የሌለ ገጽ ገለጥኩ። ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ ቀጠልኩ።

ካፒቴኑ ሰዎቹን መርከቡ ላይ አስቀርቶ ብቻውን ይወርዳል። ጫማውን ያወልቃል። ከባሕሩ ዳር ድንጋይ ያነሣል፤ አንገቱ ላይ ይሸከማል። ይህ ከየት እንደመጣልኝ አውቃለሁ፤ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ እንደሚሸከም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ነው ያደግሁት። ወደ ሟቹ ልጅ ቤት ይወጣል። ልጁ ሰይፉን መዞ ይወጣል። ካፒቴኑ ደጃፉ ላይ ይወድቃል። ልጁ ብዙ ያየዋል፤ ከዚያ ሰይፉን ጥሎ ድንጋዩን ያወርድለታል፤ ከቤቱ ውሃ ያጠጣዋል። ውሃው ይጣፍጣል።

ሴቶቹ እልል አሉ። ያቺ ስለ ጨው የቀለደችው ጎረቤታችን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ከማትሪክ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ብቻውን ነው የሄደው?» አሉ አባባ።

«ብቻውን።»

«ማንም ሳይቀድመው?»

«ማንም።»

«እንዲህ ተብሎ ተጽፏል?»

«ተጽፏል አባባ።»

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ከጓሮ እየጮኸች መጣች። «መጄን ማን ወሰደው?» ወፍጮው ባዶውን ተቀምጧል፤ እህል የምትፈጭበት ላይኛው ድንጋይ የለም።

«እኔ ምን አውቃለሁ? እህል ፈጭቼ አውቃለሁ?»

«እሱስ እውነትሽን ነው።» የአባባን በር አየችው። ተዘግቷል። «አባባስ የት ሄዱ? ሌሊት ጠብመንጃቸውን ለሊቀመንበሩ አስረክበው ወጡ አሉ። በባዶ እግራቸው።»

መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አይደለም፤ ኩራት ነው። ሄዱ! በእኔ ታሪክ ተነሥተው ሄዱ! ለእናቴ እየተንተባተብኩ ነገርኳት፤ ጃናሞራን፣ እህትየዋን፣ ድንጋዩን፣ መጨረሻውን ከራሴ እንዳወጣሁት። እናቴ ፊቷ አመድ ሆነ።

«ብቻቸውን?»

«አዎ።»

«ሽማግሌ ሳይቀድም? መስቀል ሳይቀድም?»

«ካፒቴኑ ብቻውን ነው የ…»

«ካፒቴንሽን ተዪልኝ!» ጨርቁን ከእጇ ወረወረችው። «አንቺ ልጅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ምን ተማርሽ? ደም ያለበት ሰው ፊቱን አያሳይም! መጀመሪያ ሽማግሌና ቄስ ሄደው ደጅ ይቆማሉ። ግቡ ሲሏቸው አይገቡም፣ ተቀመጡ ሲሏቸው አይቀመጡም። እምቢ ከተባሉ በማግስቱ ይመለሳሉ። ገዳዩ እስከዚያ ተደብቆ ነው የሚቆየው። ለእግዜር ብለን ይቅር ብለናል ከተባለ ወዲያ ነው ድንጋይ ተሸክሞ ና የሚባለው። ብቻውን ሲመጣ ካዩት ሊንቀን መጣ ነው የሚሉት። ልጁ መግደል ባይፈልግ እንኳ ጎረቤቱ ምን ይለኛል ብሎ ይተኩሳል!»

እንግዲህ ድንጋዩን አውቅ ነበር፤ ከድንጋዩ በፊት የሚመጣውን ግን አላውቅም ነበር። የሚያምረውን ብቻ ነው የሰማሁት። አባባ ደግሞ የሽማግሌውን መንገድ አንዴ ሞክረው ስላፈሩበት፣ መጽሐፍ ሌላ መንገድ ሲያሳያቸው ተከተሉት። ያ መጽሐፍ እኔ ነበርኩ።

እየሮጥኩ የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ደረስኩባቸው፤ ሁሉንም አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

«የዋሸሽው በአፍሽ ነው፤ የምትከፍዪው በእግርሽ ነው» አሉ። «ሂጂና አስቁሚው። እኔ ሁለት ሽማግሌ ይዤ በበቅሎ እከተልሻለሁ።»

«የይለፍ ወረቀት የለኝም እኮ አባ።»

«እሱን እኔ ሊቀመንበሩን እጠይቅልሻለሁ። አንቺ ሂጂ።»

እናቴ ዳቦ ቋጥራ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «መጄን ሳትይዢ እንዳትመጪ» አለች። ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

ኬላው ላይ ሚሊሻው አስቆመኝ። «ወዴት ነው?»

«ድንጋይ የተሸከሙ ሽማግሌ አላዩም?»

«አይቻለሁ። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቃቸው ኃጢአቴ ነው አሉኝ። ኃጢአት ይፈተሻል? አሳለፍኳቸው።» አየኝ። «ያንቺስ?»

«የእኔ እሳቸው ናቸው» አልኩ። ሳቀና አሳለፈኝ።

ከደባርቅ ወደ ላይ ያለው ዳገት በሳቅ አይወጣም። የገብሱ ማሳ አለቀና ጅብራ የሚበቅልበት ውርጫማ ደጋ ጀመረ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር ሲነጩ አልፋለሁ፤ ጥርሳቸውን ገልጠው ያዩኛል፤ እኔም መልሼ እገልጥላቸዋለሁ። ከጊች በቅሎ ጭነው የሚወርዱ ሰዎች አገኘሁ።

«ሽማግሌ? አዎ፣ ወደ ሳንቃበር እየወጡ ነው። ውሃ ለምነውን ሰጠናቸው። ቀመሱትና መለሱልን። ምን ያለ ሰው ነው ውሃ ለምኖ የማይጠጣ?»

መልስ ሳልሰጥ ሮጥኩ።

ፀሐይ ዘንበል ስትል አገኘኋቸው። ከሳንቃበር ወዲህ አንዲት ምንጭ አጠገብ ተቀምጠዋል። እግራቸው ደምቷል። የእናቴ መጅ አጠገባቸው ተጋድሟል።

«ለምን መጁን ወሰዱት?» አልኩ። ከሁሉ በፊት ይህን ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«የመንገድ ድንጋይ ይቆርጣል። ይሄ ለስላሳ ነው። አንገቴ አርጅቷል።» ፈገግ አሉ። «የመጨረሻ ዝርፊያዬ ነው በያት። አንቺ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ዋሽቻለሁ አባባ።»

ፈገግታው አልጠፋም፤ ገና አልገባቸውም።

«መጨረሻው የለም። ተቀዷል። ድንጋዩን እኔ ነኝ ያመጣሁት፤ ሰይፉን እኔ ነኝ፤ ብቻውን መሄዱን እኔ ነኝ። ብቻውን አይኬድም። እናቴ ነገረችኝ። ይመለሱ።»

እጃቸውን መጁ ላይ አሳረፉ። የሚመቱኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

«የጨው ውሃውስ?» አሉ በመጨረሻ። «እሱንም አንቺ ነሽ?»

«እሱ ተጽፏል።»

«ጭሱስ?»

«ተጽፏል።»

«ከዚያ ቤት ካልጠጣህ አይጣፍጥህም የሚለውስ?»

«ተጽፏል፤ በእናቴ ሞት!»

«በሷ አትማዪ፤ ድንጋይዋን ሰርቀናታል።» ከዚያ ድምፃቸው ተቀየረ። «አንቺ ልጅ፣ አንቺ እኮ በሟቹ ልጅ እጅ ልታስገድዪኝ ነበር። እኔስ ልሙት፤ ኖሬያለሁ። እሱን ግን ነፍሰ ገዳይ ልታደርጊው ነበር። እኔ ያየሁትን ገደል ሁሉ ልታሳዪው ነበር።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እናቴም አላሰበችውም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አላባበሉኝም።

ለቅሶዬ ሲያልቅ፣ «ስለዚህ ካፒቴኑ ገና አልደረሰም» አሉ።

«አልደረሰም። መርከቡ ላይ ነው።»

«እኔም መንገድ ላይ ነኝ። ወደ ኋላ ግን አልመለስም። ድንጋይ ተሸክሜ ስወጣ ያየኝ ሰው ሁሉ ተሸክሜ ስመለስ ሊያየኝ ነው?»

«መመለስ የለብዎትም። የነፍስ አባታችን ሽማግሌ ይዘው ከኋላ እየመጡ ነው። እስኪደርሱ መጁን እኔ እሸከማለሁ።»

«ይከብድሻል።»

«ይክበደኝ!»

ከበደኝ። አምባራስ እስክንደርስ በየመቶ እርምጃው ትከሻ ለወጥኩ። አባና ሁለቱ ሽማግሌዎች በዚያው ምሽት ሳንቃበር ላይ ደርሰውብን ስለነበር፣ በማግስቱ በቅሎ ላይ ሆነው ሲያዩኝ አንደኛው ሽማግሌ፣ «በቅሎዋ ላይ እንጫነው?» ብሎ አዘነልኝ። አባ፣ «ተዋት» አሉት።

አምባራስ ላይ አባባና እኔ አንድ ዘመዳቸው ቤት ቀረን። አባና ሽማግሌዎቹ መስቀል ይዘው ወደ ጃናሞራ አለፉ። መጠበቅ ነው እንግዲህ። እኔ መጠበቅ አልችልም፤ ግቢውን ስዞር፣ ከብት ሳግድ፣ ውሃ ስቀዳ ዋልኩ። አባባ ግን፣ «መጽሐፉን ይዘሻል?» አሉኝ። ብብቴ ሥር ነበር። «ከመጀመሪያው በይ» አሉ።

ለቤቱ ሰዎች አነበብኩ። ያልገባኝን ቃል አልዘለልኩም፤ «ይሄን አላውቀውም» እያልኩ አለፍኩ። መጨረሻዋ ቅጠል ላይ ደርሼ መጽሐፉን ስዘጋ የቤቱ እመቤት፣ «ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያ ወዲያ የለም» አሏት አባባ። «የተጻፈው እስከዚህ ነው።»

በአራተኛው ቀን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተመለሰ። እንዲህ ነበር የሆነው። በመጀመሪያው ቀን የሟቹ ልጅ ከቤቱ አልወጣም። በሁለተኛው ወጥቶ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን የት ነበራችሁ?» አላቸው። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው፣ አፉ አያርፍም መሰለኝ፣ የካፒቴኑን ታሪክ አወራለት። የእኔንም ውሸት ጨምሮ። ልጁ ሰምቶ ሰምቶ፣ «በእውነትስ ሰውየው ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው መጨረሻው መቀደዱን ነገረው። ልጁ ብዙ ካሰበ በኋላ፣ «ለእግዜር ብያለሁ። ይምጣ» አለ።

ሄድን።

በእኔ ታሪክ ውስጥ ድንጋዩ በአንድ አረፍተ ነገር ነበር የወረደው። እዚያ እንደዚያ አልሆነም። አባባ በባዶ እግራቸው፣ አጎንብሰው፣ መጁን አንገታቸው ላይ ይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ኋላ መጡ። አባ ከፊት መስቀል ይዘዋል። ልጁ ሰይፍ አልያዘም፤ ዱላ ተደግፎ ቆሟል፤ ቀጭን፣ ሽበት የጀማመረው ሰው ነው። አባባ እግሩ ሥር ወደቁ። «ይቅር በለኝ» አሉ። ልጁ አልተንቀሳቀሰም። መጁ ከአባባ አንገት ላይ እየተንሸራተተ ነው፤ ሄጄ ልይዘው ስል አንዱ ሽማግሌ በእጁ አገደኝ። ልጁ ከንፈሩን ነክሶ ያለቅሳል፤ እጁ ግን አይነሣም። የአባቱን ፊት እንኳ አያውቀውም እኮ።

ከቤቱ ደጃፍ የሚስቱ ድምፅ መጣ፦ «አውርድለት እንጂ አንተ! ሽማግሌ ነው፣ ሊወድቅ ነው!»

አወረደው። «ለእግዜር» አለ፤ ድምፁ አይሰማም ነበር። አባ ጸለዩ። ሚስቱ በቅል ውሃ አመጣች፤ ልጁ ተቀበላትና በገዛ እጁ ለአባባ ሰጣቸው። አባባ ቅሉን በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ ታች ጠጡት። ከዚያ አብረው እንጀራ ቆረሱ።

እህትየዋ ቤት ስንደርስ ቀኑ ገፍቶ ነበር። ፊታቸውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ ቅርብ ለቅርብ ሆና በዚያች በቀረቻት ዓይን አየቻቸው።

«አርጅተሃል» አለች።

«አንቺስ?»

«እኔን ተወኝ። የማየው እኔ ነኝ።» ጉንጫቸውን ቸብ ቸብ አደረገችው። «ያን ጊዜ ጢም አልነበረህም። ላጨው።»

አባባ እዚያው ቀሩ። እኔ ከአባና ከሽማግሌዎቹ ጋር ልመለስ ስል መንገዱ አፍ ድረስ ሸኙኝ። መጁን በሸማ ጠቅልለው አሳዘሉኝ።

«ለእናትሽ። በዕርቅ ተመለሰ በያት።»

በቅሎዎቹ ቀድመው ነበር። መሄድ ነበረብኝ፤ ግን እግሬ እምቢ አለ። ያን ሁሉ መንገድ አፌ ላይ ይዤው የመጣሁት ነገር ነበር።

«አባባ፣ ውሃው ጣፈጠዎት?»

አሰቡበት። ከንፈራቸውን ላስ አደረጉ፤ ገና እዚያ ላይ ያለ ይመስል።

«ውሃ ነው» አሉኝ። «ውሃ ውሃ ነው የሚለው፤ ጨው አይልም። በይ ሂጂ አሁን፤ እናትሽ እህል ሳትፈጭ ሰንብታለች።»